«ከእኔ ነው ወይስ ከአባቱ?»

የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ገና በተሰማራሁበት ዘመን በሰፈራችን አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፤ ባሏ ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ሌላ አገር ሄዶ የቀረባት፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር፣ ቤቷ ለሰው ሁሉ ክፍት የሆነ ሴት ስትሆን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን የሰባት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ታስገባና መጋረጃውን ትጥልበት ነበር። ልጁ ቃል አይናገርም፤ አንገቱ የጸናው ዘግይቶ፣ በእግሩ የሄደውም በአምስተኛ ዓመቱ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከጎኔ ሆና ጥቂት በዝምታ ከተጓዘች በኋላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ያስተምራሉ ይሉኛል፤ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከእኔ ነው ወይስ ከአባቱ?» አለችኝ።

እኔም በዚያን ጊዜ ዕውቀቴ ትኩስ አንደበቴም ፈጣን ስለ ነበረ፣ ምጥ ሲረዝም ለሕፃኑ አንጎል የሚደርሰው አየር እንደሚያንስ፣ በእርግዝና ወራት የሚያጋጥም ሕመምና የምግብ እጥረት የፅንሱን እድገት እንደሚጎዳ፣ አንዳንዱም ከወላጆች በዘር የሚተላለፍ እንደ ሆነ ከተማርሁት ሳላስቀር ዘረዘርሁላት። እስከ መጨረሻው በአክብሮት ሰማችኝና፣ «እንግዲያው ሁሉም የሆነው በእኔ ሆድ ሳለ ነዋ» ብላ ወደ ቤቷ ታጠፈች። በዚያ ቀን መልስ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር፤ ፍርድ እንደ ፈረድሁባት የገባኝ ከጊዜ በኋላ ነው።

የዚህች ሴት ጥያቄ ጥንታዊ ጥያቄ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፣ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በመንገድ ባዩት ጊዜ መምህራቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ በደሉ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ታሪኩን በልጅነቴ ስሰማ ልቡናዬ የሚያርፈው በጭቃውና በሰሊሆም መጠመቂያ ላይ ነበር፤ መምህር ከሆንሁ ወዲህ ግን ከተአምሩ በፊት ያለችው ያች አጭር ጊዜ አላልፍ ትለኛለች። ሰውየው ዓይኑ አያይም እንጂ ጆሮው ይሰማል፤ እነርሱ በራሱ ላይ ቆመው ስለ ኃጢአቱ ሲጠያየቁ እያንዳንዱ ቃል ይደርሰዋል፤ ስሙን የጠየቀው የለም፤ በዚያ ቀን እህል ቀምሶ እንደ ሆነ የጠየቀው የለም፤ የወላጆቹ ምሥጢር የሚነበብበት ብራና ይመስል ሥጋውን ዘርግተው ያነብቡታል። ጌታ ግን ሁለቱንም ግምት ከጣለ በኋላ ሦስተኛ በደለኛ አልፈለገላቸውም፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነካ፣ ምራቁን ከአፈር ለወሰ፣ ሰውየውንም ታጥቦ እንዲመለስ ላከው።

የፈጣሪ ሥራ ይታይ ዘንድ ነው የሚለው የዚያ መልስ መንፈስ ራሱ በጥንቃቄ ካልተያዘ ሌላ ሸክም እንደሚሆን አውቃለሁ። ኃይሉን ለማሳየት ሲል አንድን ሕፃን እስከ ጎልማሳነቱ በጨለማ የሚያኖር አባት እንዴት ያለ አባት ነው ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ከሃዲ አይደለም፤ ልጁን የሚወድ ሰው ነው እንጂ። ጥንታዊው ሊቅ ሄሬኔዎስ ጭቃውን አዳም ከተፈጠረበት አፈር ጋር አያይዞ፣ በማኅፀን ሳይፈጸም የቀረውን ፍጥረት ፈጣሪው በአደባባይ ፈጸመው ብሎ ተርጉሞታል፤ በዚህ ትርጓሜ ሰውየው የበቀል ምልክት መሆኑ ቀርቶ ሥራው ገና በአበጀው እጅ ላይ ያለ ፍጥረት ይሆናል። ያማረ ትርጓሜ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን እኔን ሌሊት የሚያሳስበኝ ታጥቦ እያየ የተመለሰው ያ አንዱ ሰው አይደለም፤ በዚያው ቀን በኢየሩሳሌም በሮች ተቀምጠው ሳያዩ የመሸባቸው ሌሎቹ ናቸው። የእኛ ተማሪዎች እነርሱ ናቸውና። የልዩ ፍላጎት መምህር ማታ ወደ ቤታቸው ሲሸኛቸው ዓይነ ስውሩ እንደ ታወረ፣ መስማት የተሳነውም እንዳልሰማ ይሄዳል፤ እንግዲህ በእነዚህ ልጆች ላይ የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው?

ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን አንድ ማመካኛ ማንሣት አለብኝ። በደለኛ መፈለግ የሃይማኖተኞች ድካም ነው፣ ሳይንስ ከዚህ አውጥቶናል ብሎ የሚያምን ተማሪ በየዓመቱ አገኛለሁ፤ ለእርሱ የምነግረው ታሪክ አለኝ። የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ጠባይ በ11 ሕፃናት ላይ ተመልክቶ ሲጽፍ፣ ነገሩ ከውልደት ጀምሮ የነበረ እንደሚመስለው ቢናገርም የወላጆቹን የስሜት ቅዝቃዜ ጭምር መዝግቦ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን አነሡ። ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን እ.ኤ.አ. በ1948 ስኪዞፍሬንያን ያመጣል ያለችውን የእናት ጠባይ ስም አወጣችለት፤ ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ልጁ በራሱ ውስጥ የተዘጋው ወላጆቹ ባይኖር ይሻላል ብለው በልባቸው ስለ ተመኙ ነው እስከ ማለት ደረሰ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ስንት እናቶች የታመመ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ሐኪም ገብተው በደለኛ ተብለው እንደ ወጡ ሳስብ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰው ሊቅና በመንገድ ላይ የቆሙት ደቀ መዛሙርት አንድ ጥያቄ እንደ ጠየቁ አያለሁ፤ ልዩነታቸው ደቀ መዛሙርቱ መልሱን ሰምተው ዝም ማለታቸው ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የዘመኑ ቅደም ተከተል ነው። ልጁ ኦቲዝም የነበረበት የሥነ ልቡና ሊቅ በርናርድ ሪምላንድ፣ ነገሩ ከአንጎል ተፈጥሮ እንጂ ከእናት ጥፋት እንዳልሆነ በማስረጃ ተከራክሮ መጽሐፉን ያወጣው በ1964 ነው፤ ከቤተልሃይም መጽሐፍ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። ማስረጃው ከወጣ በኋላ እንኳ በደለኛ መፈለጉ አልቆመም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሚነሣው ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከፍርሃት ነው። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ የሆነው በጎረቤቴ ኃጢአት ከሆነ እኔና ልጄ ደኅና ነን ማለት ነውና፣ ሰው ከዚህ ምሽግ በቀላሉ አይወጣም። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ተነሣሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙና በአደባባይ ወጥተው የልጃቸውን ነገር ያለ ኀፍረት ሲናገሩ፣ ከሕፃናቱ ትምህርት ባላነሰ ያገለገሉት በየጓዳው ተደብቀው የነበሩትን እናቶች ነው።

ወደ ሥራው ጥያቄ ልመለስ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ዓይነ ስውር ሊቅ ማየት አያስገርመውም። በዜማ ቤትም ሆነ በቅኔ ቤት ትምህርቱ ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚሄድ፣ ሌሊት በጨለማ በቃል የሚቀጸል ስለ ሆነ፣ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከዚያም አልፎ ጆሮው የነቃ፣ ልቡናው የሰበሰበ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓዶቹ ቀድሞ መምህር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በእስክንድርያም በዐራተኛው መቶ ዓመት፣ ዓይኑን በአራት ዓመቱ ገደማ ያጣው ዲዲሞስ በእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተምሮ የዚያችን ታላቅ ትምህርት ቤት መንበር ይዞ አስተማረ፤ ሄሮኒሞስና ሩፊኖስም ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ልዊ ብሬል በ1824 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የነጥብ ፊደሉን ያበጀው ከዚህ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ያው ዓይነ ስውር ልጅ ከዜማ ቤት ተነሥቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየተጻፈ ወደሚያስተምርበት አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ በዓይኑ ላይ የተጨመረ ጉዳት የለም፤ የተጨመረው ሰሌዳው ነው። የሰበታው መርሐ ዕውራን የመሰለ ትምህርት ቤት ያስፈለገውም ይህ አዲስ ዓይነት ትምህርት በዓይን ላይ ስለ ቆመ ነው።

ይህን ስናገር የጥንቱን ቤት ያለ ነቀፋ ማሞገሴ አይደለም። ያው ለዓይነ ስውሩ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ የጆሮ ትምህርት መስማት ለተሳነው ልጅ በሩ ጥርቅም ያለ ነበረ፤ ቃል በሚነግሥበት ቤት ቃል የማይደርሰው ሰው ሞኝ ተብሎ ተቆጠረ፣ እንጨት ለቃሚና ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀረ፤ ስንት የሰላ ልቡና እንዲህ ፊደል ሳያገኝ እንደ ተቀበረ ማን ይቆጥረዋል? ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ፣ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ በ37 ዓመቱ ከማረፉ በፊት በጻፋቸው ጽሑፎች፣ ከሥጋ የሚመጣውን ቀዳሚ ጉዳት ልጁ ከሰዎች ኑሮና ትምህርት በመለየቱ ከሚመጣበት ተከታይ ጉዳት ለይቶ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከአንደኛው ይከፋል፤ መምህር ሥልጣን ያለውም በሁለተኛው ላይ ነው። የምልክት ቋንቋ ሳይማር ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ የጎደለው መስማት ብቻ አይደለም፤ ትናንትን የሚያስታውስበት፣ ነገን የሚያስብበት፣ ኀዘኑን ለራሱ እንኳ የሚነግርበት ቃል ጎድሎታል፤ ይህን ደግሞ ተፈጥሮ አላጎደለበትም።

ቤያትሪስ ራይት የምትባለው አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1960 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የአንዱ ሕዋስ ጉዳት በተመልካቹ ኅሊና ወደ ሰውየው ሁለንተና እንደሚዛመት አስረድታለች። ምሳሌውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ መንገድ ለመሻገር ዘንጉን ይዞ በቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መዳፍ ላይ ሳይለምን ሳንቲም የሚያኖር መንገደኛ፣ በምግብ ቤትም ዓይነ ስውሩን ትቶ አብሮት ያለውን «እሱ ምን ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅ አስተናጋጅ በየቀኑ እናያለን። ክፋት የለባቸውም፤ ርኅራኄያቸው ግን ሰውየውን አያየውም።

እስከዚህ የተናገርሁትን ተማሪው ቢቀበለኝ ደስ ይለኛል፤ ሁሉን በአንድ ስልቻ ቢከተው ግን አልፈቅድለትም። የአካል ጉዳት የኅብረተሰብ ሥራ ነው የሚለው ትምህርት በዚህ ዘመን በርትቷል፤ በብዙውም እውነት ነው፤ ወደ አእምሮ ሕመም ሲደርስ ግን ይጎድላል። ዓይኑ የማያይ ሰው «እኔ» ብሎ ሲናገር እኔነቱ ሙሉ ነው። በአእምሮ ሕመም የሚታወከው ግን ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ነው። አእምሮ የሚለው ቃላችን አእመረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ፣ ማወቅንና ማስተዋልን የሚያመለክት እንደ መሆኑ፣ የተጎዳው ሰው ጉዳቱን የሚያውቅበት መብራት ራሱ ይርገበገባል። ጽኑ ጭንቀት የያዘው ሰው ማንም በማያየው፣ ማንም በማይንቀው ክፍል ብቻውን ተኝቶ ሳለ ይሠቃያል፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ደግ ቢሆንለት እንኳ ሥቃዩ አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ የአእምሮ እድገቱ የዘገየውን ልጅና አእምሮው የታመመውን ሰው ባንድ ስም የሚጠራ መምህር ሁለቱንም ይበድላል፤ ለአንደኛው መድኃኒት ይፈልግለታል፣ እርሱ የሚሻው ጊዜና ትዕግሥት ሲሆን፤ ለሁለተኛው ትዕግሥት ብቻ ይሰጠዋል፣ እርሱ ሕክምና ሲያስፈልገው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ሎሌዎቹ ያደረጉትን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጭንቀቱ ከየት እንደ መጣ መጽሐፉ ይናገራል፤ ሎሌዎቹም ያውቃሉ፤ ነገር ግን በምክንያቱ ላይ አልተቀመጡም፤ የሚያሳርፈውን ፈለጉ፣ በገና የሚደረድር ብላቴናም አመጡለት። ሳኦል በበገናው ያርፍ ነበር፤ ያው ሳኦል ደግሞ በገና ደርዳሪውን ሊወጋው ጦር ወረወረ። ይህን ሁለተኛውን ነገር ለተማሪዎቼ አልደብቅም፤ የታመመን ሰው የሚያገለግል ሁልጊዜ ምስጋና እንዲጠብቅ አላስተምርምና።

በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር ይኖር የነበረው ሰው ታሪክ ግን ከዚህም ይልቅ ያስጨንቀኛል። የአገሩ ሰዎች በሰንሰለት አስረውታል፤ ሰንሰለቱን ሰብሮ በመቃብር መካከል ሲጮኽና ራሱን በድንጋይ ሲያቆስል ለምደውታል። ማርቆስ እንደሚተርከው ሰዎቹ የፈሩት ሰውየውን ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶለት ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ነው፤ ያዳነውን ጌታንም ከአገራቸው እንዲወጣላቸው ለመኑት። በጩኸቱ ያልፈሩ ሰዎች በጤናው ስለ ምን ፈሩ? እኔ እንደሚመስለኝ አንድ አገር ሁሉ እብደቱን በአንድ ሰው ላይ አኑሮ በሰላም ሲተኛ ኖሮ፣ ያ ሰው ሲድን የራሱን ነገር የሚያኖርበት ስላጣ ነው። ከዳነ በኋላም ካዳነው ጋር ልሂድ ብሎ ቢለምን አልተፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ ታዘዘ። የፈሩት ሰዎች ዘንድ፣ ያሰሩት ሰዎች ዘንድ መመለስ ከመዳን ይልቅ ሳይከብደው አልቀረም። ከአማኑኤል ሆስፒታል ሻል ብሎት ወጥቶ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ሰው፣ ሲስቅ ተነሣበት፣ ሲያዝን ተነሣበት እየተባለ እያንዳንዱ እርምጃው ሲጠበቅ ያየ ይህን ትእዛዝ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ይህ ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲኖር፣ ከዚያ ርቆ የሚኖረው ሕዝብ በጠበልና በዘመድ ትከሻ ላይ ነበረ። በቡታጅራና በአካባቢው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 178 ዘመዶች የጠየቁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳወቁት፣ ከእነዚህ ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ በቤተሰባቸው ባለው ሕመም የተነሣ መገለል እንዳለባቸው ተሰምቷቸዋል፤ 37 ከመቶዎቹም ነገሩን መደበቅ ፈልገዋል። ቁጥሩን ሳነብብ በዓይኔ የመጣችብኝ የጎረቤቴ መጋረጃ ናት።

ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የተቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪም እንዲከበር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ስለዚህ ክኒኑን ውጦ ወደ ጠበል የሚወርድ ሰው እምነቱን ለሁለት አልከፈለም። የማልቀበለው ሰንሰለቱን ነው። ሰውን በግንድ አስሮ ማስራብና መግረፍ በማንም ቅዱስ ስም ቢደረግ የጌርጌሴኖን ሰዎች ሥራ ነው፤ ሰንሰለቱ በዚያ ታሪክ ውስጥ ያለው ከፈዋሹ ወገን አይደለምና።

ተማሪዎቼ ለፈተና የጉዳት ዓይነቶችን ከነመለያቸው በቃላቸው ያጠናሉ፤ ማጥናታቸውም ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 የመጀመሪያውን የማስተዋል መለኪያ ሲያወጣ እርዳታ የሚሹትን ሕፃናት ለይቶ ለማስተማር እንጂ በግንባራቸው ቁጥር ለመጻፍ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ጻፉት። እኔም ለደረቅ መለያ የሚበቃ ዕውቀት ብቻ ሰጥቼ የላክኋቸው ተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህ ይቈጨኛል። ወደ አንድ ቤት ገብተው መዝገባቸውን ከፍተው «ሲወለድ ምን ነበረ? በዘር አለ ወይ?» ብለው ሲጀምሩ፣ እናቲቱ የምትሰማው የሐኪም ጥያቄ አይደለም፤ ያ የቆየው፣ በመንገድ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። መጠየቁ ግድ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ለሚመጣው ሕፃን ይጠቅማልና። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ሊሆን አይገባም።

ከዚያች እሑድ በኋላ ዓመት ሳይሞላ አንድ ማለዳ እንጀራ ልገዛ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድሁ። ከምጣዱ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ልጁም ከአጠገቧ። እንዳየችኝ እንደ ልማዷ እጁን ይዛ ልታስነሣው ስትል፣ «ተዪው፣ ይቀመጥ» አልኋትና፣ ያለ ምንም መቅድም፣ «ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከዚያ ቀስ እያለች ትነግረኝ ጀመር፤ ከእርሷ ቀድሞ እንደሚነቃ፣ እሳቱ ሳይነድ ከምጣዱ ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ሊጡ ሲፈስ ምጣዱ እሽ ሲል እንደሚስቅ፣ እንጀራው ዓይን ማውጣት ሲጀምር መሬቱን በመዳፉ እንደሚመታ፣ እርሷም በእርሱ ምት አክንባሎውን እንደምትከድን፣ አንድም ቀን እንዳልተሳሳተ፣ ደንበኞቿን በኮቴያቸው ለይቶ የሚወደው ሲመጣ ወደ በሩ እንደሚዞር። ብዙ አወራችኝ፤ የሚሸጠው እንጀራ እስኪዘገይ ድረስ አወራችኝ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ጋሼ» አለች። ስለ እርሷና ስለ አባቱ አላነሣችም። ከዚያም ማዞሪያዋን ወደ ሊጡ አስገብታ ቀዳችና በምጣዱ ላይ ታዞረው ጀመር፤ ልጁም መዳፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ያዘ።